አንድ ፊደል የጎደለው ቃለ ጉባኤ

የጡረታ ደብዳቤዬን የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። በመሥሪያ ቤቱ ሌላ ታይፒስት ስላልነበረ አለቃዬ ረቂቁን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና አቀርቅሮ ወጣ። "ላበረከቱት ቅንና ታማኝ አገልግሎት" የሚለው ጋ ስደርስ ጣቴ ትንሽ ቆም አለ፤ ከዚያ ጨረስኩት። ቁጥር ሰጠሁት፣ ማኅተም አስደረግሁበት፣ አንዱን ቅጂ ከግል ማኅደሬ ጋር አያያዝኩና ማኅደሩን የተሰናባቾች መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ እስካስረክብ ሁለት ሳምንት ቀረኝ።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው ከአዲስ አበባ አንድ ደብዳቤ የመጣው። የጻፉት የባሮ ዳር ልማት ማኅበር ፕሬዝዳንት የነበሩትን ሰው የሚዘክር መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ናቸው። የፕሬዝዳንቱ የኢኮኖሚ ዕቅዶች፣ ንግግሮቻቸውና ከሕዝብ ጋር ያደረጓቸው ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ ጋምቤላ መጋዘን ውስጥ መኖሩን ሰምተናል፤ ዋና ዋናዎቹ ተመርጠው ይላኩልን ይላል። አለቃዬ ደብዳቤውን ወደ እኔ መራው።

"ይህን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም፣ እትዬ አሪየት" አለኝ።

እውነቱን ነው። ከዚያ ማኅበር ወረቀቶች ውስጥ በእኔ ጣት ያልተመታው ጥቂት ነው። ማኅደሮቹን አውጥቼ አቧራቸውን ጠረግሁ። የምፈልገውን ለማግኘት ብዙ መገላበጥ አላስፈለገኝም። ለሠላሳ ምናምን ዓመት የት እንዳለ አንድም ቀን ዘንግቼው አላውቅም።

የተወለድኩት ከጋምቤላ ከተማ በታች፣ ባሮ ወንዝ ዳር በነበረ የአኙዋ መንደር ነው። የመንደሩን ስም አልጽፍም፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራ ቦታ የለም። አባቴ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ያሳደገኝ የአባቴ ወንድም ኦጁሉ ነው። ትምህርት የሚባለውን ነገር መንደሩ ሁሉ በጥርጣሬ በሚያይበት ጊዜ በታንኳ አሳፍሮ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው። በየበጋው እየመጣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ የተጠበሰ በቆሎ በቅጠል ጠቅልሎ ይዞልኝ ይመጣል። ሚሲዮኖቹ ዘንድ ወንጌል ተማርኩ፣ አማርኛ ተማርኩ፣ ጥቂት እንግሊዝኛም ተማርኩ። ከሁሉ በላይ ግን የጽሕፈት መኪና ለመድኩ። አማርኛ የቤታችን ቋንቋ ስላልነበረ ስናገር ወንድና ሴት ይደባለቅብኝ ነበር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን "ፕሬዝዳንቱ መጣች" ብዬ ቢሮው ሁሉ በሳቅ ሲያልቅ ጠረጴዛ ሥር መግባት አምሮኛል። ስጽፍ ግን አልሳሳትም። ስለዚህ መናገር ትቼ መጻፍ ያዝኩ።

ማኅበሩ የተቋቋመው በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ነው። አባላቱ የከተማው ነጋዴዎች፣ ከደጋ የወረዱ ባለ ርስቶችና ጥቂት ሹማምንት ናቸው። ፕሬዝዳንቱ ውጭ አገር የተማሩ፣ ረጅም፣ ጠረናቸው ደስ የሚል፣ ሰው ሲናገር አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የሚያዳምጡ ሰው ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። ክፉ ሰው ነበሩ ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ግን አልነበሩም። በወንዙ ዳር ጥጥ ይለማል፣ ፓምፕ ይተከላል፣ ከጥጡ ገቢ ክሊኒክና ወፍጮ ይመጣል ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። ያመኑትንም ለሕዝቡ መንገር ይወዱ ነበር። ክረምት በጀልባ ወደ ኢታንግና ወደ ማታር፣ በጋ በላንድሮቨር ወደየመንደሩ እንዞራለን። የመኪናው ጣራ ላይ ድምፅ ማጉያ አለ። ጨው ይታደላል፣ የፕሬዝዳንቱ ፎቶግራፍ ይታደላል፣ ከዚያ ንግግር ይደረጋል። እኔ አኙዋኛውን አስተረጉማለሁ፣ ቃለ ጉባኤም እይዛለሁ። ደመወዜ ትንሽ ነበር፤ ያኔ ግን ከመንደራችን በቢሮ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ስለ ደመወዝ ማሰቡም አልመጣልኝም።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ሰይድ ይባሉ ነበር። የወሎ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከአንድ ቡና ነጋዴ ጋር ጋምቤላ ወርደው፣ ከሱዳን የወንዝ መርከብ ይመጣ በነበረበት ጊዜ ለነጋዴው በዓረብኛም በአማርኛም ደብዳቤ ሲጽፉ ኖረዋል። ቀጭን፣ ዝግ ያሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ወረቀት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው በደንብ ያደርቃሉ። የእኛ አገር ሙቀት የሰውን እጅ ቀኑን ሙሉ ያረጥበዋል፤ ላብ ደግሞ ወረቀት ይበላል። የመደርደሪያዎቹን እግሮች ጋዝ በተሞሉ ቆርቆሮዎች ውስጥ አቁመዋቸው ነበር፤ ምስጥ እንዳይወጣ ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ቆርቆሮዎቹን እየዞሩ ማየት፣ የጎደለውን መሙላት፣ የሞተውን ምስጥ መጥረግ የእኔ ሥራ ሆነ። ክረምቱ ሲወጣ ማኅደሮቹን ሁሉ ፈትተን በረንዳው ላይ በተወጠረ ገመድ እንደ ልብስ እናሰጣቸዋለን። ፀሐይ ላይ ግን በፍጹም፤ ፀሐይ ቀለሙን ይመጠዋል ይሉ ነበር። ሲደርቁም በየመካከላቸው የኒም ቅጠል አድርገን መልሰን እናስራለን። ኒሙ ብልን ያርቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን ረቂቅ ደብተራቸው ነው። ስብሰባ ላይ ሰው የተናገረውን ሁሉ እንደ ወረደ የሚጽፉበት ወፍራም ባለ ጥቁር ልባስ ደብተር ነበራቸው። ተናጋሪው በምን ቋንቋ እንደተናገረ፣ ማን እንዳስተረጎመ፣ የት ቦታ እንደቆመ ሳይቀር ይጽፋሉ። ስብሰባው ሲያልቅ ማንም ከመሄዱ በፊት ተናጋሪዎቹን አንድ በአንድ ይጠሩና የጻፉትን መልሰው በቋንቋቸው ያስነብቡላቸዋል።

"ቃልህ ይህ ነው?" ይላሉ።

ሰውዬው "አይደለም" ካለ የተጻፈውን በአንድ መስመር ብቻ ይሰርዙትና አዲሱን ከጎኑ ይጽፋሉ። ድሮ የተጻፈው መነበብ አለበት። "አዎ" ካለ ደግሞ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክተው ያስፈርሙታል። ቢሮ ስንመለስ ከዚያ ደብተር ላይ ንጹሑ ቃለ ጉባኤ ይዘጋጃል፤ እኔ በመኪና እመታዋለሁ፤ ፕሬዝዳንቱ ይፈርሙበታል። ደብተሩ ግን አይጣልም፤ በቁልፍ ይቆለፋል።

ምን ጥቅም እንዳለው የገባኝ በማታር ጉዳይ ነው። በአንድ ክረምት ማታር ወርደን ፕሬዝዳንቱ ስለ ጀልባ መቆሚያና ስለ ገበያ ሲናገሩ አንድ ሽማግሌ ኑዌር ተነሥቶ ከብቶቻቸው የሚጠጡበት ዳርቻ እንዳይወሰድባቸው ጠየቀ። ፕሬዝዳንቱም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ማንም አይነካባችሁም፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ" አሉ። ዓመት ሳይሞላ ከአዲስ አበባ የመጣው ፕላን መቆሚያውን ልክ እዚያ ዳርቻ ላይ ሥሎት አገኘነው። ሽማግሌዎቹ ሰምተው ጋምቤላ ድረስ መጡ። ከእነሱ ጋር በተደረገው ስብሰባ መካከል ጋሽ ሰይድ ደብተራቸውን ይዘው ገቡ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው የፕሬዝዳንቱን ቃል ከነቀኑ አነበቡት። ፕሬዝዳንቱ ሳቁ፤ ፕላኑም ተለወጠ።

ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ግን ፕሬዝዳንቱ "ሰይድ፣ አንተ የእኔ ጸሐፊ ነህ ወይስ የእነሱ?" ሲሉ ሰማሁ።

"የመዝገቡ ነኝ፣ ክቡር ፕሬዝዳንት" አሉ ጋሽ ሰይድ።

በወሩ ጋሽ ሰይድ መቲ ወዳለው ቅርንጫፍ ተዛወሩ። እዚያ በደጋው ጫካ ውስጥ የቡና ጆንያ መመዝገብ ነው ሥራቸው። ሲሄዱ ቁልፉን ሰጡኝ፤ ስለ ዝውውሩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። "ጋዙን አትርሺ" አሉኝ፤ በር ላይ ደርሰው ደግሞ ዞር ብለው "ረቂቁን አትጣይ፣ አሪየት። ሰዎቹ ያሉት እዚያ ነው ያለው" አሉ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እኔ ሆንኩ። ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላኝም ነበር፤ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

በተከታዩ በጋ ፓምፑ የሚተከልበት ቦታ ተመረጠ። የእኛ መንደር ነው።

የሄድነው ወንዙ ሸሽቶ ጥቁሩን ደለል ዳር ለዳር ትቶት በሄደበት ሰሞን ነበር። ሴቶቹ ደለሉ ላይ በቆሎ ለመዝራት ጉድጓድ እየጫሩ ነበር። ሰዉ ማንጎው ሥር ተሰበሰበ። ፕሬዝዳንቱ ስለ ጥጥ ተናገሩ፤ እኔም አስተረጎምኩ። የሚናገሩት ያምር ነበር። ሲጨርሱ አጎቴ ኦጁሉ ተነሣ። በአኙዋኛ አንቱታ የለም፤ እሱ "አንተ" ሲል እኔ "እርስዎ" እያልኩ አለሰልስለት ነበር፤ ከዚያ በቀር ግን የቀየርኩት ነገር አልነበረም።

"አንተ ሰው፣ ንግግርህ ጥሩ ነው" አለ። "ከፍ ያለው መሬት ሰፊ ነው፤ እሱን ውሰድ፣ ምንጣሮውንም እናግዝሃለን። ይህ የወንዙ ዳር ግን የበጋ እህላችን ነው። የክረምቱ በቆሎ እስከ ጥር አያደርሰንም። ከዚያ ወዲያ የምንበላው ውኃው ሲሸሽ እዚህ የምንዘራውን ነው። ይህን ከወሰድክብን ሕፃናቱ ይሞታሉ። ስለዚህ እምቢ ነው የምንልህ። እምቢ ያልንህ ግን ጠልተንህ አይደለም።"

ፕሬዝዳንቱ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙት። "ገብቶኛል" አሉና መኪናቸው ውስጥ ገቡ። እኔ እንደ ጋሽ ሰይድ ደብተሬን ይዤ ወደ አጎቴ ሄድኩ። የጻፍኩትን በአኙዋኛ አነበብኩለት።

"ቃልህ ይህ ነው?" አልኩት።

"ቃሌ ይህ ነው" አለኝ። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ደብተሩ ላይ ተጫነ። የተረፈውን ቀለም ጭኑ ላይ ሲጠርግ ይስቅ ነበር። "አየሽ" አለኝ፣ "አንቺ እዚያ መሆንሽ እንዴት ጥሩ ነው!"

ሰኞ ጠዋት ቃለ ጉባኤውን መትቼ ለፊርማ አቀረብኩ። "ነዋሪዎቹ በጉዳዩ ላይ ተሰምተዋል፤ ያቀረቡትም ቃል ከዚህ በታች ተጽፏል" ይልና የአጎቴ ንግግር ይቀጥላል። ትንሽ ቆይቶ ፕሬዝዳንቱ ወረቀቱን ይዘው ራሳቸው ወደ መዝገብ ቤቱ መጡ። እንዲህ አድርገው አያውቁም፤ ተነሥቼ ቆምኩ።

"አሪየት፣ እዚህ ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል" አሉኝ ጣታቸውን እያሳረፉ። "'ተሰምተዋል' ብለሻል። 'ተስማምተዋል' ነው መሆን ያለበት።"

አማርኛዬ ላይ የተሳቀው ሁሉ መጣብኝ። ቢሆንም "ስህተት አይደለም፣ ክቡር ፕሬዝዳንት። ተሰምተዋል ለማለት ነው። ያሉት ከታች አለ" አልኩ።

አልተቆጡም። የጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ እንደ አባት ነው ያናገሩኝ።

"ስሚኝ፣ ልጄ። ነገ በአውሮፕላን አዲስ አበባ እገባለሁ። ፓምፑ የሚፈቀደው በዚህ ወረቀት ነው። አጎትሽ ያላየውን ነገር ነው የፈራው። ፓምፑ ሲቆም በዓመት ሦስቴ ያመርታል፤ ያኔ እምቢ ማለቱን ራሱ ያፍርበታል። አንቺ የዚህ አገር ልጅ ነሽ፣ የተማርሽ ነሽ። ሕዝብሽ ያለውን ሳይሆን የሚጠቅመውን ጻፊ።"

"ከታች ያለውስ?"

"ከተስማሙ የተቃውሞ ንግግር ምን ያደርጋል? አውጪው።"

ቀና ብዬ አየኋቸው። ፈገግ አሉ። "ስመለስ አዲስ አበባ ስለሚሰጠው የጸሐፊነት ኮርስ አነጋግርሻለሁ፤ አንቺን የመሰለ ሠራተኛ የለኝም" ብለው ወጡ።

ይህ ነው የሆነው። ያስፈራራኝ የለም፤ እጄን የጠመዘዘኝ የለም፤ አባርርሻለሁ እንኳ አላሉኝም። አዲስ ወረቀት ከነካርቦኑ መኪናው ላይ አስገባሁ። "ነዋሪዎቹ የማኅበሩን ዓላማ በደስታ ተቀብለው የወንዙን ዳር ለልማቱ ለመልቀቅ ተስማምተዋል" ብዬ መታሁ። አንድም ፊደል አልተሳሳትኩም። ከሥር የቃለ ጉባኤ ያዥ ብዬ ስሜን ጻፍኩ፤ ፈረምኩ።

ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ፓምፑ ተፈቅዶ ነበር። መዝገብ ቤቱን እየተዘዋወሩ ሲያዩ ጥቁሩን ደብተር አነሡና ገለጥ ገለጥ አደረጉት። "ይህ ቦታ ያጣብባል፤ ንጹሑ ካለ ረቂቅ ምን ያደርግልሻል?" አሉና መልሰው አስቀመጡት። አቃጥይው አላሉኝም። እኔ ግን የፈለጉት ገብቶኛል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከቢሮው ጓሮ ባለው በርሜል ውስጥ ገጽ በገጽ እየቀደድኩ አቃጠልኩት። የማታሩን ሽማግሌ ቃል አቃጠልኩ፤ የኢታንጎቹን አቃጠልኩ፤ የአጎቴ አውራ ጣት ያረፈበትን ገጽ መጨረሻ ላይ አቃጠልኩ። ስለ ኮርሱ ደግመው አላነሡትም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የወንዙ ዳር ታጠረ። የተዘራው በቆሎ ገና ክንድ ሳያክል በትራክተር ተገለበጠ። አጎቴ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ፍርድ ቤት አቤት አለ። ዳኛው ጥንቁቅ ሰው ነበሩ፤ ነገሩን በዋዛ አላዩትም። ቃለ ጉባኤው ከነያዡ ይቅረብ ብለው አዘዙ፤ ቀረብኩ።

"ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"ይህ ሽማግሌ አልተስማማሁም፣ እምቢ ብያለሁ፣ ልጅቷም በደብተር ጽፋ አስፈርማኛለች ይላል። ደብተር አለ?"

"የለም" አልኩ።

"አልነበረም ወይስ የለም?"

እኚህ ሰው በር ከፍተውልኝ ነበር። ዛሬም ድረስ ያን ጥያቄ እሰማዋለሁ። ፕሬዝዳንቱ ከኋላዬ ተቀምጠዋል፤ አጎቴ ከፊቴ ቆሟል።

"በመዝገብ ቤታችን ያለው ይህ ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው" አልኩ።

አስተርጓሚው ይህን በአኙዋኛ ሲነግረው አጎቴ አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ዳኛው መለሰና "ሌላ የምለው የለኝም" አለ። አቤቱታው ውድቅ ሆነ።

በዚያ በጋ መንደራችን ራበው። ዓሣም ሥራ ሥርም ያን ያህል አላቆየም። አንዳንዱ ወንዙን ተከትሎ ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ ሌላው ኢታንግ ወረደ። አጎቴ ሁለት የልጅ ልጆቹን ቀብሮ ከቀሩት ጋር ኢታንግ ገባ። ይህን የሰማሁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ለለቀስተኞቹ እንድንጸልይ የሕፃናቱ ስም ሲጠራ። ሁሉም አይኑን ጨፈነ። እኔ መጨፈን አልቻልኩም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጋሽ ሰይድ ለሕክምና ከመቲ ወረዱ። መዝገብ ቤቱ ገብተው እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ታጠቡ፤ ቆርቆሮዎቹን ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ነገሩን ሰምቻለሁ" አሉ። "ረቂቁን አምጪው። ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ጊዜው አላለፈም።"

ከወንበሬ አልተነሣሁም።

"መልሰሽ አንብበሽለት ነበር?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ምን አለ?"

"ቃሌ ይህ ነው አለ።"

"አስፈርመሽዋል?"

"አዎ።"

"ታዲያ ደብተሩ የት አለ?"

"ተቃጥሏል።"

"ማን አቃጠለው?"

"እኔ።"

እጃቸውን አይናቸው ላይ አደረጉ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር። ተነሥተው ወንበሩን ወደ ቦታው መለሱና ሌሎቹን ሠራተኞች አንድ በአንድ ተሰናብተው ወጡ። እኔን አልተሰናበቱኝም። መቲ ላይ እንደሞቱ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ፓምፑ ሁለት ክረምት አልቆየም። የመጀመሪያው ሙላት በደለል ደፈነው፤ ሁለተኛው ከነመሠረቱ ነቅሎ ወሰደው። ጥጡ አንዴ ተለቅሞ ዝናብ ላይ በሰበሰ። የማኅበሩ ዓመታዊ ሪፖርት ግን "ፍሬያማ ጅምር" ይላል፤ እሱንም የመታሁት እኔ ነኝ። ሕዝቡ ወደ ወንዙ ዳር እንዲመለስ የጻፈ ማንም አልነበረም፤ መሬቱ በወረቀት የማኅበሩ ነው። ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ መጣ። ፕሬዝዳንቱ አዲስ አበባ እንደሄዱ ቀሩ፤ ማኅበሩ ፈረሰ፤ ወረቀቱ ወደ መንግሥት መጋዘን ገባ፤ እኔም ከወረቀቱ ጋር ተዛወርኩ። ከዚያ ወዲህ በአራት መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ፤ ብዙ አለቃ መጥቶ ሄዷል። ወረቀት ጠፋብሽ ተብዬ አላውቅም። ረቂቅ የሚባል ነገር አልጣልኩም። ይህን የምለው ለመመስገን አይደለም፤ ለማንም የጠቀመ ነገር የለውም።

አጎቴን ከፍርድ ቤቱ በኋላ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ዓሣ ሊሸጥ ጋምቤላ ሲመጣ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ከሩቅ አይቶኝ ፊቱን አዞረና በሌላ መንገድ ሄደ። የሚገባኝ ነው ብዬ አልተከተልኩትም። ሲሞት ለቅሶ አልሄድኩም፤ በምን ፊቴ?

ለመጽሐፉ አዘጋጆች ሰነዶቹን መርጬ ላክሁ። ከዚያ ቃለ ጉባኤ ጋር አንድ ገጽ የራሴን ቃል አያያዝኩ፤ ነዋሪዎቹ እንዳልተስማሙ፣ ቃሉን የለወጥኩት እኔ እንደሆንኩ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መጽሐፉ ታትሞ ለመሥሪያ ቤቱ አንድ ቅጂ መጣ፤ ጠርተው አሳዩኝ። ከፕሬዝዳንቱ ፎቶግራፍ ሥር "ነዋሪዎቹ በደስታ ተቀብለው ተስማምተዋል" የሚለው በትልቁ ታትሟል። የእኔ ገጽ የለም።

ያን ያየሁ ለት ነው ኢታንግ ለመሄድ የወሰንኩት። የአጎቴ ልጅ አቻላ እዚያ አለች። ስደርስ በር ላይ ተቀምጣ ዓሣ እየሰነጠቀች ታሰጣለች። ከልጅነታችን ወዲህ አልተያየንም፤ እሷ ግን ወዲያው አወቀችኝ። ቢላዋዋን ጥላ ተነሥታ አቀፈችኝና አለቀሰች። ይህን አልጠበቅሁም። ውኃ ሰጠችኝ፣ የምቀመጥበት ዱካ ሰጠችኝ።

"አባቴ ይህን ቢያይ!" አለች። "ስንት ጊዜ ያነሣሽ ነበር መሰለሽ?"

"እኔን?"

"አንቺን ነው እንጂ። 'ልጅቷን ሽጉጥ ደግነውባት ነው' ይል ነበር። 'እኔ ስሟን ባልጠራ ኖሮ፣ ደብተር አላት ባልል ኖሮ አያስጨንቋትም ነበር' እያለ ራሱን ሲወቅስ ኖረ። እኛንም አስጠንቅቆናል፤ ከተማ ስትሄዱ ወደ እሷ አትጠጉ፣ ከእኛ ጋር ካይዋት ያስሯታል ይለን ነበር። እሱም አይቶሽ ሰላም ሳይልሽ ሲመለስ እራት አይበላም።"

ውኃው እጄ ላይ ነበር። መሬት አስቀመጥኩት።

"አቻላ" አልኳት፣ "ማንም ሽጉጥ አልደገነብኝም።"

"እሺ፣ አስፈራርተውሽ ነዋ።"

"አላስፈራሩኝም። በደግ አነጋገሩኝና ጻፍኩ። ደብተሩንም ማንም አቃጥይ ሳይለኝ አቃጠልኩት።"

ቀና ብላ አየችኝ። ያልገባት መስሎኝ ልደግመው አፌን ስከፍት እጇን አነሣች።

"ልጆቼ ሁሉ ያችን አክስታችንን አስገድደዋት እያሉ ነው ያደጉት" አለች። "አባቴ የሞተው ይህን እያመነ ነው። አሁን ምን አድርጊ ብለሽ ነው የመጣሽው?"

መልሴን ጠበቀች። ከዚያ ቢላዋዋንና የዓሣ ቅርጫቷን አነሣችና ወደ ቤት ገባች፤ በሩንም ከውስጥ ዘጋችው። ወደ ጋምቤላ የሚሄደው መኪና የሚያልፈው ከሰዓት በኋላ ስለነበር እስከዚያ ድረስ ደጃፏ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። የወጣ ሰው የለም።